ከማርሚታው በፊት ካንዴላው

ቮልስ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ማርሚታ መቀየሩ አይቀርም። የፋብሪካው ማርሚታ ከስስ ላሜራ የተሠራ ነው። ከሞተሩ ሥር በስተኋላ ተጋድሞ ከውጭ የክረምት ጭቃና ውሃ ይመታዋል፤ ከውስጥ ደግሞ የራሱ ጭስ ይበላዋል። ቤንዚን ሲቃጠል ከሚወጣው ነገር አንዱ ውሃ ነው፤ መኪናዋ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ብቻ የምትመላለስ ከሆነ ማርሚታው በቅጡ ሳይግል ስለምትቆም ውሃው እዚያው ውስጥ ይቀራል። ጠዋት ሞተር ሲነሳ ከጭስ ማውጫው ጠብ ጠብ የሚለው እሱ ነው። ያ እርጥበት ከጥላሸቱ ጋር ተደባልቆ ላሜራውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሳዋል። ባለቤቱ የሚያውቀው ቀዳዳው መጮህ ሲጀምር ነው።

ያኔ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሶማሌ ተራ ወርዶ የተገኘውን ገዝቶ ማሰር ነው። ሌላው ለራስ ሞተር ተለክቶ የሚበየድ ማርሚታ ማሠራት ነው። እኔ ሁለተኛውን ስመርጥ ወዳጆቼ ያወሩልኝ የነበረው ስለ ድምፁ ብቻ ነበር። ስለ ድምፅ ከሆነማ ማርሚታውን ፈቶ መጣል ይበቃል፤ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል፣ ቦሎ ለማሳደስ ሲኬድ ግን ጣጣ ነው። ተለክቶ የሚሠራ ማርሚታ ሌላ ጉዳይ ነው። ሞተሩ የሚተነፍስበትን መንገድ ስለሚለውጥ ካርቡራቶሩም፣ የእሳቱ ጊዜም አብረው መነካት አለባቸው። ይህን የዘለለ ሰው ገንዘቡን የከፈለው ለጩኸት ነው።

የእኔዋ እ.ኤ.አ. የ1966 ስሪት 1300 ናት፤ 1285 ሲሲ፣ 40 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ 6 ቮልት። ጀርመኖቹ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ለዓለም ሸጠዋል፤ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች። እኛ ዘንድ ይህቺ መኪና ሌላም ታሪክ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነው፤ ቮልስ ስነዳ ያየኝ ሽማግሌ ሁሉ ይህንኑ ሳያነሳ አያልፍም። ስለ ሞተሯ የሚያነሳልኝ ግን የለም፤ ስለዚህ እኔ ላንሳው።

መካኒኬ በቮልስ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ማርሚታ ላሠራ ስመጣ ቱቦውን እንኳ ሳያዩ የካንዴላ ቁልፍ አነሱ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ለማርሚታው ነው የመጣሁት።»

«አውቄያለሁ ልጄ። ግን ምን እንደምትበላ ሳላውቅ የሚወጣውን አልለካም።»

አራቱም ካንዴላዎች ጥቁር ሆነው ወጡ። በጣት ሲነኳቸው የሚለቅ፣ ደረቅ ጥላሸት ነው። ጤነኛ ካንዴላ ጫፉ ላይ ያለው ነጭ ሸክላ ወደ ቀላል ቡናማ ያደላል፤ የነጣ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል ወይም ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፤ የጠቆረ ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል። ጋሼ አልገረማቸውም። አዲስ አበባ ውስጥ የምትኖር፣ ካርቡራቶሯን ሰው ያልነካባት ቮልስ ሁሉ ካንዴላዋ እንዲህ ነው አሉኝ።

ምክንያቱ ከተማችን የተቆረቆረችበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላለች፤ እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ በአንድ ዙር የሚስበው የአየር መጠን እዚህም እዚያም እኩል ነው፤ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ቀንሷል። 40 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና እዚህ ወደ 30 ትወርዳለች ማለት ነው፤ እንጦጦን ስትወጣ የሚሰማት ድካም የእርጅና ብቻ አይደለም። ለዚህ ምንም ማድረግ አይቻልም። ሊስተካከል የሚችለው ሌላው ጉዳይ ነው። ካርቡራቶሩ የተለካው ዝቅተኛ ቦታ ላይ፣ ወፍራም አየር ላለበት አገር ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚሳበው ቤንዚንም ይቀንሳል፣ ግን አየሩ በቀነሰው ልክ አይቀንስም። ሒሳቡ ሲሠራ አዲስ አበባ ላይ ድብልቁ ከአሥር በመቶ በላይ ነዳጅ ይበዛበታል። ቤንዚን በወረፋ በሚቀዳበት ከተማ ይህ ቀልድ አይደለም።

ነዳጁን የምትመጥነው ጄት የምትባል፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ የናስ ቡሎን ናት፤ መሐሏ ቀዳዳ አለ። በላይዋ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ነው። የእኔዋ 125 ትላለች፤ ይኸውም 1.25 ሚሊሜትር። ለከፍታችን ብቻ ቢሆን ወደ 117.5 መውረድ ነበረባት። እኔም ይኸው ይቀየርልኝ አልኩ። ጋሼ እንቢ አሉ፤ ማርሚታው ሳይታሰር ጄት አይነካም።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር ኮሎው፣ ማለትም ዋናው ዘንጉ፣ ግማሽ ዙር በዞረ ቁጥር ከአንዱ ሲሊንደር ጭስ ይተፋል። ጭሱ እንደ ወንዝ ያለማቋረጥ አይፈስም፤ በየተራ እየተወረወረ ነው የሚሄደው። አንዱ ውርወራ በቱቦው ውስጥ በፍጥነት ሲያልፍ ከኋላው ግፊቱ ዝቅ ይላል። ቱቦዎቹ ርዝመታቸው እኩል ከሆነና አንድ ላይ የሚገናኙበት ቦታ ልክ ከሆነ፣ የአንዱ ሲሊንደር ዝቅታ የሚቀጥለውን ሲሊንደር ጭስ ስቦ ያወጣለታል። ሚኒባስ ታክሲ ላይ ወራጁ ሳይወርድ ተሳፋሪ እንደማይገባ ሁሉ፣ አሮጌው ጭስ ተጠርጎ ካልወጣ አዲሱ አየር ሙሉ ቦታ አያገኝም። ጭሱ ተጠርጎ ሲወጣ ግን ሞተሩ የበለጠ አየር ይስባል፤ የበለጠ አየር ደግሞ የበለጠ ነዳጅ ይፈልጋል። እንግዲህ ከፍታው ጄቱን አሳንሱ ይላል፣ አዲሱ ማርሚታ ጨምሩ ይላል። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታሉ። አንዳንዱ ባለ ቮልስ ማርሚታ አስቀይሮ ምንም ሳያስተካክል «መኪናዬ እሳት ሆነች» የሚለው ለዚህ ነው፤ ድሮም ነዳጅ በዝቶባት ነበር፣ አዲሱ ማርሚታ በአጋጣሚ አስታረቃት።

የቮልስ ሞተር አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ የተኙ ናቸው። እሳቱ በ1፣ 4፣ 3፣ 2 ቅደም ተከተል ይሄዳል። የፊቶቹ የ1 እና የ3 ጭስ ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ ለመኪናዋ ሙቀት በሚሰጡት ሁለት ሣጥኖች ውስጥ አልፎ ነው ማርሚታው ጋ የሚደርሰው። የኋላዎቹ የ2 እና የ4 ግን በአጭሩ በቀጥታ ይገባሉ። ፋብሪካው ይህን አለመመጣጠን ትቶታል፤ ዓላማው ርካሽና ጸጥ ያለ መኪና ነበር። ተለክቶ በሚሠራው ማርሚታ የኋላዎቹን ቱቦዎች እያጠማዘዙ ከፊቶቹ ጋር እኩል ማስረዘም ነው ዋናው ሥራ።

የሙቀት ሣጥኖቹ እንዲወገዱ የሚመክር ሰው ይኖራል። እኔ አልተስማማሁም። ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲወርድ የፊት መስተዋት በጉም ሲሸፈን ከእነሱ ሌላ የሚያጠራልን የለም። ያስወገዳቸው ሰው ደግሞ ከቬንቲሌተሩ ወደ ሣጥኖቹ የሚወርዱትን ሁለት የአየር መውጫዎች መድፈን አለበት፤ አለዚያ ሞተሩን ማቀዝቀዝ የነበረበት አየር በከንቱ ይፈሳል። ይህቺ መኪና ውሃ የላትም፤ ያላት አየርና 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው።

ወደ ብየዳው እንሂድ። ቱቦው ከውጭ 38 ሚሊሜትር፣ ግድግዳው 1.5 ሚሊሜትር ነው፤ ውስጡ 35 ይሆናል። ወፍራም ቱቦ የተሻለ ይመስላል፤ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ግን ጭሱ ፍጥነቱን ስለሚያጣ መሳቡም ይቀራል። ምን አለሽ ተራ በቀላሉ የሚገኘው ዚንክ የተቀባ የውሃ ቱቦ ነው፤ እሱን በያጁ ከበሩ መለሰው። ዚንክ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ሰው ያሳምማል፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለቃል። ጥቁሩን ብረት አመጣን።

ቱቦ እንዲሁ ከታጠፈ መታጠፊያው ላይ ይጨፈለቃል። ማጠፊያ ማሽን የሌለው በያጅ የሚሠራበት ዘዴ አሸዋ ነው። አሸዋው መጀመሪያ በቆርቆሮ ላይ ተጥሎ እሳት ላይ ይቆላል፤ እርጥበት የቀረበት አሸዋ ታሽጎ ሲግል በእንፋሎቱ ውታፉን እንደ ጥይት ያስፈነጥረዋልና። ከዚያ ቱቦው በአንድ በኩል በእንጨት ውታፍ ይደፈናል፣ አሸዋው ይጨመራል፣ ቱቦው በመዶሻ እየተመታ አሸዋው ይጠቀጠቃል፣ ሌላው ጫፍ ይደፈናል። በያጁ መታጠፊያውን በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ የኦክሲጅን እሳቱን በዙሪያው እያዞረ ብረቱ እንደ ብርቱካን እስኪቀላ ጠበቀ። ሞርሳ ላይ ያለውን ጫፍ ረዳቱ ያዘ፣ እሱ ረጅሙን ጫፍ በዝግታ ሳበ። በኃይል አልሳበም፤ ብረቱ ራሱ ሲሰጥ ብቻ ይከተለዋል። ከዚያ ልኩን ከሽቦ በተሠራ ናሙና ላይ አስተያየ። ውታፉን ነቅሎ አሸዋውን ሲያፈስ መታጠፊያው ክብነቱን እንደጠበቀ ነበር።

ቴስታታው ላይ የሚታሰሩት ፍላንጃዎች ወፍራም ሰሌዳ መሆን አለባቸው፤ ስሱ በሙቀት ይጠማዘዝና ጭስ ያሳልፋል። ቱቦዎቹ በመጀመሪያ ሞተሩ ላይ እንደታሰሩ በነጠብጣብ ተያዙ፤ ሙሉው ብየዳ ወርደው ነው የተጨረሰው። ነጠብጣቡ በኤሌክትሪክ ብየዳ ከሆነ አስቀድሞ የባትሪው ገመድ ይነቀላል። እዚህ ላይ አንድ ሥራ ብዙውን ጊዜ ሰው ያስለቅሳል፤ አሮጌዎቹን ዳዶዎች መፍታት። የ8 ሚሊሜትር ቡሎኖቹ አሉሚኒየም ቴስታታ ውስጥ ስለተተከሉ ዝገት ይዟቸው ሲሰበሩ ቴስታታ ማውረድ ሊያስከትል ይችላል። ጋሼ ከሁለት ቀን በፊት ጀምረው ዘይት እያጠጡ፣ በሙቀት እያላሉ ፈቷቸው።

ከሁሉ በላይ የተከራከርንበት ስለ አንዲት ቀጭን ቱቦ ነው። ከካርቡራቶሩ ሥር፣ አየርና ቤንዚን የሚሄድበትን ቱቦ ተጠግታ የምታልፍ ሌላ ቀጭን ቱቦ አለች፤ ሁለት ጫፏ ማርሚታው ላይ ነው የሚታሰረው። ትኩስ ጭስ በእሷ ውስጥ እያለፈ ድብልቁን ያሞቃል። አብዛኛው ሰው ማርሚታ ሲያሠራ ለእሷ ቦታ አይተውም፤ ጥቅሟ አይታይማ። ቤንዚን ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ ካርቡራቶሩ ሥር ያለው ብረት ይቀዘቅዛል፤ የአየሩ እርጥበት እላዩ ላይ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገው ብርድ ብቻ ሳይሆን ብርድና እርጥበት ነው፤ ያ ማለት የአዲስ አበባ የክረምት ጠዋት ነው። መኪናዋ ትነሳለች፣ ጥቂት ትሄዳለች፣ ከዚያ መብራት ላይ ትጠፋለች። ባለቤቱ ካርቡራቶር ያስከፍታል፤ ሲከፈት በረዶው ቀልጦ ጠፍቷል። በያጁ አንዱን ጫፍ ከ2ኛው ሲሊንደር ቱቦ፣ ሌላውን ግፊቱ ከሚቀንስበት ከመገናኛው በታች በየደልኝ፤ ግፊቱ ሁለቱም ጋ እኩል ከሆነ ጭሱ አይንቀሳቀስም። ድሮ የነበረችው ውስጧ በጥላሸት ተደፍኖ ስለነበር ሽቦ ገብቶባት ተጠረገች።

ሞተሩን ከላይና ከታች የሚለዩት ስስ የቆርቆሮ ሽፋኖችም እንዳይቆረጡ መለመን ነበረብኝ። ከላይ ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ ከታች የሞቀው ይወጣል፤ ለቱቦ ቦታ ለማግኘት ቆርቆሮው ከተከፈተ ቬንቲሌተሩ የማርሚታውን ሙቀት መልሶ ይስባል። ቮልስ በሙቀት ስትሞት የመጀመሪያው 3ኛው ሲሊንደር ነው፤ በእኔዋ ዘመን ስሪት የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቱ ቆሞ አየር ስለሚከለክለው።

የድምፁ ማጥፊያ በርሜል ውስጡ የተበሳሳ ቱቦ ያለው፣ ዙሪያው በመስታወት ጥጥ የታሸገ ነው። ድምፁ ጎርነን ይላል እንጂ አይጮህም፤ የድሮዋን ፉጨት ግን አጥታለች፣ ፉጨቱ ይመጣ የነበረው ከሁለቱ ቀጫጭን የፋብሪካ ማውጫዎች ነበር። ከፓራውልቱ በታች ብዙ እንዳይወርድ አስጠግተነዋል፤ ኮብልስቶንና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ለዝቅተኛ ማርሚታ አይራሩም።

ከታሰረ በኋላ ጋሼ ሞተሩን አስነስተው፣ ጨርቅ በጭስ ማውጫው ላይ ያዝ አድርገው በየመገጣጠሚያው የሳሙና ውሃ አፈሰሱ። አረፋ የሠራበት ቦታ ጓርኒሲዮኑ አልተቀመጠም። ቀላል ይመስላል፤ ግን ነዳጅ ሲለቁ ከኋላ ጧ ጧ የሚለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ይኸው ነው። በቀዳዳው የገባ ንጹሕ አየር ያልተቃጠለውን ቤንዚን ማርሚታው ውስጥ ያቃጥለዋል። ወጣቶቹ ይህን እንደ ጌጥ ያዩታል።

ማስተካከሉ የተጀመረው በማግሥቱ ጠዋት፣ ሞተሩ አድሮ ሳለ ነው። የቮልስ ቫልቭ የሚለካው ፍጹም ቀዝቅዞ ነው፤ ለእኔዋ ክፍተቱ 0.10 ሚሊሜትር ነው። የመጀመሪያው ሲሊንደር ላይ ተስተካክሎ ፑሌጃው ወደ ኋላ ግማሽ ዙር ሲዞር 2ኛው፣ ደግሞ ግማሽ ሲዞር 3ኛው፣ ከዚያ 4ኛው ይመጣል፤ ወደ ኋላ ሲዞር የእሳቱ ቅደም ተከተል በቁጥር ተራ ይሆናልና መሳሳት የለም። ትንሽ የሚንኳኳ ቫልቭ አያስፈራም። የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው፤ ክፍተቱ የጠፋ የጭስ ቫልቭ በቅጡ ስለማይዘጋ መቀዝቀዣ ጊዜ አጥቶ ይቃጠላል።

ፑንቲናው 0.4፣ ካንዴላዎቹ 0.7 ሚሊሜትር ተከፈቱ። የእሳቱን ጊዜ ለማስያዝ ጋሼ የተጠቀሙት አንዲት የ6 ቮልት አምፖል ብቻ ነው፤ ፑንቲናው ሲከፈት አምፖሏ ትበራለች፣ የዚያን ጊዜ የፑሌጃው ምልክት የት እንደቆመ ይታያል። መጽሐፉ የሚለው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ በፊት ነው። እሳቸው ወደ 10 አስጠጉት፤ ስስ አየር ውስጥ ቃጠሎው ስለሚዘገይ ቀድሞ መለኮስ ይጠቅማል፣ ግፊቱም ዝቅተኛ ስለሆነ ሞተሩ የመንኳኳት አደጋው ያንሳል። ከዚያ ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ጭነው ጆሯቸውን ጣሉ።

ጄቷ በመጨረሻ 120 ሆነች፤ ከፋብሪካው በታች፣ ከፍታው ብቻውን ከሚፈልገው በላይ። ሚኒሞው የድብልቁ ቪት እየጠበቀ ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር፣ ከዚያ ጥቂት ተመልሶ እኩል በሚዞርበት ቦታ ላይ ቆመ። ካንዴላዎቹ ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላ ቡናማ ሆነው ወጡ። ጉልበት ጨምራለች ወይ ለሚለኝ፣ ጥቂት፤ ያውም ከፍ ባለ ዙር ላይ ነው። እኔን የሚጠቅመኝ ግን ቤንዚኑ ነው፣ ደግሞ ዳገት ላይ ማርሽ ሳልቀንስ የምወጣበት ቦታ መጨመሩ። ያንን ልዩነት ማን እንዳመጣው ብጠየቅ ከግማሽ የሚበልጠውን ለጄቷና ለቫልቮቹ እሰጣለሁ። ገንዘብ ያነሰው ሰው ማርሚታውን ትቶ በእነሱ ይጀምር።

ፍላንጃዎቹ ጥቂት ጊዜ ግለው ከቀዘቀዙ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና መጥበቅ አለባቸው፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ይጨመቃል። ደግሞ ከከተማ ለሚወጣ ሰው ሌላ ሒሳብ አለ። ለአዲስ አበባ የተለካች ጄት አዳማ ድረስ ችግር የለባትም። ወደ አዋሽና ድሬዳዋ፣ ይልቁንም ጅቡቲ ድረስ የሚወርድ፣ ወይም የዓባይን በረሃ የሚያቋርጥ ሰው ግን አየሩ በወፈረ ቁጥር ነዳጁ እያነሰው ይሄዳል፤ ሞተሩም የሚግለው ያኔ ነው፣ 3ኛው ሲሊንደር ቀድሞ። ስለዚህ አሮጌዋን 125 አልጣልኳትም፤ በጨርቅ ተጠቅልላ ክሩስኮቶው ውስጥ ናት። ለመቀየር ካርቡራቶር ማውረድ አያስፈልግም። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሲጋራ የያዘ ሰው ርቆ፣ በጎድኑ ያለው ቡሎን ይፈታል፤ የሚንጠባጠበውን ቤንዚን በቆርቆሮ ተቀብሎ፣ ረጅም ቀጭን ካቻቢቴ ወደ ውስጥ ተልኮ ጄቷ ትወጣለች። ካቻቢቴው አፏን በደንብ መሙላት አለበት፤ ናስ ለስላሳ ስለሆነ ካንሸራተተ አፏ ይበላሻል።